ጥፍር ሥር የቀረ ቀይ አፈር

ባለፈው ግንቦት፣ አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሐረር ሄጄ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ሌሊት አደርኩ። አዲስ አበባ ስመለስ የጥፍሮቼ ሥር ቀልቶ ነበር። በሳሙናም በሎሚም አሸሁት፤ ሳምንት ያህል አልለቀቀኝም። መሥሪያ ቤት ያዩኝ ሁሉ "ሂና ነው እንዴ?" ይሉኛል። የግድግዳ አፈር ነው። እንዴት እጄ ላይ እንደቀረ ልጽፍላችሁ ነው፤ ግን ሐረር የወሰደኝ የእናቴ ቤት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ያደግኩት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ አቆመው፣ እናቴ አኖረችው። ጳጉሜ ሲገባ፣ ክረምቱ የላጠውን ግድግዳ ለማደስ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ጓሮ ይሰነብታል፤ ጠረኑ እስከ መንገድ ይደርሳል። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ትረግጠዋለች፣ የተሰነጠቀውን በእጇ ትመርጋለች፣ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች። እኛ ልጆች ውሃ እናቀብላለን። የእንቁጣጣሽ ዕለት ቤቱ ሁሉ አዲስ ጭቃ ይሸታል። ለእኔ የዓመት በዓል ሽታ ዛሬም እሱ ነው፤ ከቄጤማው ይበልጥብኛል።

እናቴ ባረፈች በሦስተኛው ዓመት እኔና ወንድሞቼ ተመካከርንና "በየዓመቱ ከመልፋት አንዴ ወጪ አድርገን እንገላገል" አልን። ግንበኛ ጠርተን ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ቀለም አስቀባነው። አምሮበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ "እሰይ፣ የእናታችሁን ቤት አከበራችሁ" አለን። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው እዚህም እዚያም ሆድ አወጣ። በሦስተኛው፣ አንድ ሌሊት፣ የጓዳው በኩል ልስን እንዳለ ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላው ያለው ማገር በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የሰፈሩ ሽማግሌ አናጢ መጥቶ አየውና "ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋል" አለን። "እናንተ አፉን ደፈናችሁት። የጠጣው ሁሉ ውስጥ ቀርቶ እንጨቱን በላው።" ቤቱ ከዚያ በኋላ የቆመው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያረጀ የጭቃ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር እጄን ሳላሳርፍበት አላልፍም። ጀጎል ውስጥ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ልጅ ከአባት የተቀበላቸው ቤቶች እንዳሉ፣ አሁንም ሰው እንደሚኖርባቸው በቴሌቪዥን አይቼ አውቃለሁ። ማየት የፈለግሁት ማማራቸውን አልነበረም፤ በማን እጅ እስከ ዛሬ እንደቆሙ ነው።

የሄድኩት በአውቶቡስ ነው፤ ገና ሳይነጋ ተነስተን። አዋሽንና ሚኤሶን አልፈን ወደ ጨርጨር ተራሮች ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘልን። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ከዚያ ጨለንቆ። ጨለንቆ ላይ አውቶቡሱ ጥቂት ቆሞ ነበር። በመስኮት ኦቾሎኒ ገዝቼ፣ ልጣጩን በእጄ ይዤ፣ ስልኬን እያየሁ አለፍኩት። ይህን ለምን እንዳነሳሁት ኋላ ይገባችኋል። ቁልቢን፣ ደንገጎን፣ ሐረማያን፣ ጫት ተራራ የሚያክልባትን አወዳይን አልፈን ሐረር ስንገባ መሽቶ ነበር።

ሐረር ከጥንት ጀምሮ የገበያ ከተማ ናት። ከደጋው የሚወርደው ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያም፣ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላና በርበራ ወደቦች የሚወርደው በእሷ በኩል ነበር። የራሷን ገንዘብ ትቀርፅ ነበር። ግንቡን ያቆሙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ እኛ ኤረር በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ፈላና በር እንላቸዋለን፤ ባለቤቶቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ሸዋ በር ለእነሱ አስማዲን በሪ ነው። የግንቡ ውስጥ ስፋት 48 ሄክታር ነው፤ በዚያ ውስጥ 82 መስጊድና 102 የወልዮች፣ ማለትም የቅዱሳን ሰዎች፣ መቃብር ይቆጠራል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስና ንግዱ ወደዚያ ሲዞር ሐረር ተጎዳች። ይመስለኛል ግን ያ ጉዳት ቤቶቿን አተረፈላት፤ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ስለሄደ አሮጌውን አፍርሶ የሚሠራ ብዙ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የተመዘገበው ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ አይደሉም። ጠባብ መንገዶቹና መኖሪያ ቤቶቹም ጭምር ናቸው።

በማግስቱ ማለዳ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስቼ በመኪና ግርግር ወረድኩ። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ሰፊዎቹ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጨርቅ ይዞ ለመጣ ሁሉ እዚያው ይሰፋሉ። ታችኛው ጫፉ ግድር መጋላ ያወጣል፤ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ከገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች እንጨቱን፣ አትክልቱን፣ ቅመሙን ዘርግተዋል። ሥጋ ተራው ላይ ጭላቶች ጣሪያ ጣሪያውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ አንዲት ሴት የገዛችውን ሥጋ በፌስታል አድርጋ ስትወጣ አንዱ ተወርውሮ ጥፍሩን ፌስታሉ ላይ አሳረፈና አምልጦት ሄደ። ሴትየዋ ዞራ እንኳ አላየችውም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማሊኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲደባለቁ ሰማሁ፤ ማንም ማንንም "ምን አልክ?" አይልም።

የምሄድበት ቤት ከገበያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከመንገዱ የሚታየው ኖራ የተቀባ ረጅም አጥርና አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይገመትም። በሩን አልፌ ግቢው ውስጥ ስገባ አንዲት እናት ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው።

"እንደምን አደሩ፣ እናቴ?"

"ማንን ነው አደሩ የምትዪው? ስንት ሆኜ ታየሁሽ? እዚህ አንቱ የለም አቦ! አንቺ በዪኝ።"

ሐረርና ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይወደድ ሰምቼ ነበር፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናት "አንቺ" ማለት ግን ምላሴን ያዘኝ። እስከ ማታ ታገልኩ። በሁለተኛው ቀን ለመደልኝ፤ ስለዚህ እዚህም "እሷ" ስላት ፈቃዷ ስለሆነ ነው። የሰፈሩ ልጆች "አይ" ይሏታል፤ በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው። የሴት ወልዮችም ስማቸው በዚሁ በ"አይ" ነው የሚጀምረው።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እንግዲህ የሐረሪን ቤት ውስጡን ላላየ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ወንበር የለም። አልጋ አይታይም። ቤቱ ራሱ ነው ወንበሩ፤ ወለሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ደረጃው ሁሉ ሰፊ መቀመጫ ነው፤ ነደባ ይሉታል። አምስት ነደባ አለ። እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። አሚር ነደባ ወደ በሩ የሚያየው ነው፤ የቤቱ አባወራ እዚያ ሆኖ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ትልቁ ግድር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ፣ ከዓይን ሸሸት ያለው ሱጥሪ ነደባ፣ አንዱ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው። ገብቼ ቆሜ "የት ልቀመጥ?" ስል አይ ሳቀች። "ቤቱ ይነግርሻል" አለችኝ። በእርግጥም ትንሽ እንደቆየሁ እግሬ ራሱ ወደ ግድር ነደባ ወሰደኝ፤ ምንጣፉና ትራሱ እንግዳ የሚጠብቀው እዚያ ነበር።

ግድግዳው ላይ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ ጣቄት ይባላሉ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ቁርአንና የቆዩ መጻሕፍት፣ የቻይና ሳህን፣ ብርጭቆ። ከእነሱ በላይና በመካከል ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። እኔ ሞሰብ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ስፌት ግን አይቼ አላውቅም። ጣት የማታስገባ ጥብቅ ሆና የተሰፋች፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። አይ አንዱን አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ይሄ ሐማት ሞት ነው። ሞት ስፌት ነው በኛ ቋንቋ፤ አትደንግጪ። ለባሌ እናት የሰጠኋት ነው። እሷ ስትሞት ወደ እኔ ተመለሰ።" ገለበጥኩት። የታችኛው ክፈፍ ላይ አንድ ቦታ ክሩ ቀለሙ ይለያል፤ ቀዩ እዚያ ጋ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ ከመዳፌ አይበልጥም። "እዚህ ጋ ቀይ ክር አለቀብኝ" አለችኝ። "አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ገበያ ሄጄ ያንኑ ቀለም አጣሁት። ሐማቴ ግን አንድ ቀን አላነሳችብኝም።" ስንት ዓመት አለፈው፤ ጣቷ ግን ሳታይ ቀጥ ብሎ ያችን ቦታ ያገኛታል።

በግራ በኩል አነስተኛ ክፍል አለች፤ ቂርጣት ትባላለች። ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ ሳምንት ያህል የሚቆዩባት ናት። ወንድ ብሆን ኖሮ አይ ከደጃፉ ታሳየኝና ታልፍ ነበር፤ እኔን እጄን ይዛ አስገባችኝ። ጨለም፣ ቀዝቀዝ ያለች ናት። "ቀን ቀን በግድግዳው በኩል የእህቶቼን ድምፅ እሰማ ነበር። እስቅ ነበር። አለቅስም ነበር" አለች። ከዋናው በር በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሰቀልበት እንጨት አለ፤ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው ይባላል። የአይ እንጨት ባዶ ነው። ልጇ ቶሮንቶ ናት።

ከሰዓት ቁጢ አፈላችልኝ፤ የቡና ቅጠል ተቆልቶ፣ ፈልቶ፣ ወተትና ጨው ተጨምሮበት። እሱን እየጠጣን ነው የነደባውን ቀለም የጠየቅኋት። ነደባዎቹ በሙሉ፣ የግድግዳውም ታችኛው ክፍል፣ የደረቀ በርበሬ የሚመስል ቀይ ናቸው።

"አፈር ነው። ቀይ አፈር።"

"ለምን ቀይ?"

ሲኒዋን አስቀመጠች። "ለጨለንቆ ነው። እኛ እንዲህ ነው ሲነገረን ያደግነው። በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም።"

በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ነው የሆነው። የምኒልክ የሸዋ ጦርና የአሚር አብዱላሂ ጦር ጨለንቆ ላይ ገጠሙ፤ ሐረር ተሸነፈች፤ የአሚሮቹ ዘመን በዚያ አበቃ። ራስ መኮንን ገዥ ሆኑ። ፈረስ መጋላ ላይ መስጊድ በነበረበት ቦታ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ግን ተምሬው የነበረው "ሐረር ተያዘች" በሚል አንድ መስመር ነው፤ እሷም የተያዘችው በእኛ ነበር። አሁን ግን ታሪኩ ከሥሬ ነበር። የተቀመጥኩበት እሱ ነው። የሸዋ ሰው ነኝ። በጨለንቆ ኦቾሎኒ እየበላሁ አልፌ መጥቼ፣ ለሞቱት በተቀባ ነደባ ላይ ተደግፌ ቁጢ እጠጣለሁ። ምን እንደምል ጠፋኝ። ይቅርታ ማለት ፈለግሁ፤ በማን ስም? ዝም አልኩ። አይ ዝምታዬን አየችው፤ ጥቂትም አቆየችው። ከዚያ "ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ። "ነገ እኔ አፈሩን እቀባለሁ። ለአረፋ። ብትፈልጊ ትረጂኛለሽ።"

ያን ቀን ማታ፣ ጠዋት ላይ ሳፋው ውስጥ ያየሁት ምን እንደሆነ ገባኝ። አፈሩን ዘፍዝፋው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ምንጣፍና ትራሱን ወደ ግቢ አወጣን፤ ስፌቶቹን አንድ በአንድ አውርደን በነጭ ጨርቅ ሸፈንናቸው። ባዶ ሲሆን ቤቱ ሌላ ሆነ፤ ከምንጣፉ ሥር የነበረው ሁሉ ይታያል። ግድግዳው ሃሺ ከሚሉት ቀለል ያለ የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተገነባ ነው፤ ውፍረቱ ከክንዴ ይበልጣል። ጣሪያው ላይ እንጨቶቹ ተቀራርበው ተደርድረዋል። አሚር ነደባ ጠርዝ ላይ፣ ሰው ሁልጊዜ እጁን አስደግፎ የሚነሳበት ቦታ፣ ጎድጎድ ብሏል። አይ እዚያ ጋ ተንበርክካ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። ቀዩ ተነሳ፤ ከሥሩ ሌላ ቀይ አለ፤ ትንሽ ጠቆር ያለ። እሱንም ስትጭር ከሥሩ ሌላ። "ይሄ የኔ ነው። ይሄ የሐማቴ ይሆናል። ከዚያ በታች ያሉትን አላውቃቸውም።"

መጀመሪያ የተሰነጠቀውን በጭቃ ሞላን። ስንጥቁ ቀድሞ በውሃ ይረጥባል፤ ካልረጠበ አዲሱ ጭቃ አሮጌውን አይይዘውም። ይህን እናቴም ታደርገው ነበር፤ አፏን ሞልታ ውሃ ትረጭበት ነበር። ረስቼው ነበር፤ አይ በመዳፏ ስትረጭ ሳይ ነው ትዝ ያለኝ። ጭቃው ጠፈፍ ሲል በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ እያሸች ታስተካክለዋለች። ቀይ አፈሩ በስስ ጨርቅ ተጠሎ ወፍራም አጥሚት መስሏል። በጨርቅ ትነክርና ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ዙሪያውን ትቀባለች፣ በትንንሽ ክብ። ጨርቁን ሰጠችኝ። የኔ መስመር መስመር አወጣ። "ጨርቁን ተዪው፣ በእጅሽ አድርጊው" አለችኝ። መዳፌን ነክሬ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ወዲያው ደግሞ ይስባል፤ ውሃውን ከእጅሽ ሲወስደው ይሰማሻል፤ እንደተጠማ ሰው ይጠጣል። የአናጢያችን ቃል ትዝ አለኝ። "ጭቃ ይጠጣል።" እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። አይ አላየችም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ሌሎቹን የታወቁ ቤቶችም አይቻለሁ፤ ሳልጽፍላቸው አልቀርም። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ በአንድ ሰው ትጋት የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎች፣ የሐረር ሳንቲሞች፣ የሴቶች ጌጥ እዚያ አሉ፤ ሰውየው ባይኖሩ ስንቱ ተሽጦ በወጣ ነበር። የራምቦ ቤት የሚሉት ደግሞ የህንድ ነጋዴ ቤት ነው፤ የእንጨት ሥራው ዓይን ያፈዝዛል፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ግን እዚያው ቤት ውስጥ አልኖረም፤ ሐረር ለንግድ ኖሯል፣ ቤቱ የተሠራው ከእሱ በኋላ ነው። ሁለቱም ያምራሉ። ሁለቱም ውስጥ ግን ማታ መብራት ጠፍቶ በሩ ይቆለፋል። እኔ ያሳሰበኝ ማታም መብራት የሚበራባቸው ነው።

ምክንያቱም እነዚህን ቤቶች ያቆማቸው ግንብ አይደለም፤ ሕግም አይደለም። ሕጉ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ፣ ያለ ፈቃድ እንዳያድስ ያዛል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችል ይናገራል። ግዴታው ሁልጊዜ ይሠራል፤ እርዳታው ግን "ሊረዳ ይችላል" ነው። አይ ከሁለት ክረምት በፊት የኋላው ግድግዳ አብጦባት ለአንድ መሥሪያ ቤት አመለከተች። መጥተው ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ "ሲሚንቶ እንዳትነኪ" አሏት፤ ትክክል ነበሩ። ከዚያ ግን አልተመለሱም። ግድግዳውን ያዳኑት የአፎቻዋ ሴቶች ናቸው። አፎቻ እንደኛ ዕድር ነው፤ ለሠርግም ለሐዘንም። አዋጥተው የድሮውን አሠራር የሚያውቅ ግንበኛ አመጡላት። ሃሺ የሚያነጥፍ፣ የጭቃውን ልክ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው፤ ልጆቹ ብሎኬት ነው የለመዱት። ደህና የጣሪያ እንጨት እንኳ በስንት ልመና ነው። እኔ በበኩሌ የአንድ ከተማን ውበት ለዓለም አስመዝግበን ወጪውን በሰባ ዓመት እናት ትከሻ ላይ መተው ነውር ነው እላለሁ። ለእያንዳንዱ ቤት ኖራው፣ እንጨቱና የግንበኛው ቀን ሒሳብ በመንግሥት በጀት ውስጥ በስሙ መጻፍ አለበት። ግንበኞቹ ደሞዝ ተከፍሏቸው ወጣት ማስተማር አለባቸው። የሐረሪዎች ዓመታዊ በዓል ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቦ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በዓሉን የሚያደምቁት ሴቶች ከየትኛው ቤት እንደሚወጡ ግን አንርሳ።

ማታ ላይ ልጇ ከቶሮንቶ ደወለች። በቪዲዮ። አይ ስልኩን ዞር ዞር አድርጋ አዲስ የተቀባውን አሳየቻት። ልጅቷ አማርኛና ሐረሪ እየቀላቀለች ተቆጣች፤ በፍቅር ነው የምትቆጣው። "ጉልበትሽን ያምሻል፣ አሁንም ትንበረከኪያለሽ? ነግሬሽ የለ፣ ብሩን እልካለሁ፣ ነደባውን ሴራሚክ አስደርጊው፤ አንዴ ተገላገዪ!"

ተገላገዪ። ያንኑ ቃል ነው ያለችው።

አይ መልስ አልሰጠችም። ወደ እኔ አየች፤ ስልኩን ሰጠችኝ። የማላውቃት ሴት ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ ጠበቀችኝ። የእናቴን ቤት ነገርኳት። ሁሉንም፤ ጳጉሜውን፣ ሲሚንቶውን፣ ጎረቤት እንዴት እንደመረቀን፣ በጣት የሚፈረፈረውን ማገር። ጥፋትሽ ነው ያልኳት እንዳይመስላት ተጠነቀቅሁ፤ እናትሽ እንዳትደክም መፈለግሽ ልክ ነው አልኳት፤ እኛም የፈለግነው እሱን ነበር። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ ማን ይቀባው?" አለችኝ። "እኔ እዚህ ነኝ። እሷ አርጅታለች። ማን ይቀባው?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ለእናቷ መለስኩ። ረጅም አወሩ፤ በሐረሪ ብቻ፤ ሁለት ጊዜ "ጨለንቆ" ሲባል ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ የኔን ስም። በመጨረሻ አይ ስትስቅ ነው የተዘጋው። "በሚቀጥለው አረፋ እመጣለሁ ብላለች። ሳፋውን አዘጋጂ ብላለች።" እጇን ወደ ነደባው ጠርዝ ሰዳ ደረቀ አልደረቀ አየችው። "ሦስት ዓመት ሙሉ እመጣለሁ ብላኛለች" ብላ ጨመረች፤ ዝቅ አድርጋ።

በማግስቱ ስሄድ ከግቢው በር ድረስ ሸኘችኝ። በመመለሻው ጨለንቆ ስንደርስ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የቆምነው ለአምስት ደቂቃ ነው። ከአውቶቡሱ ወርጄ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ሜዳውንና ኮረብታውን አየሁ። የታረሰው መሬት በፀሐዩ ቀይ ነበር።

የአረፋ ዕለት ደወልኩላት። "ዒድ ሙባረክ፣ አይ!" ስላት ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል፤ ቤቱ ሞልቷል። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ወንድሞቼ ጠየቀችኝ። ከዚያ "አንቺ የቀባሽው ጥግ" አለችኝ፣ "ከጢት ነደባው አጠገብ ያለው፣ ደረቀ። ትንሽ ሰንጥቋል። ሳታረጥቢው ነው የቀባሽው።"

"ይቅርታ አይ፤ አስተካክዪው።"

"እኔ አልነካውም። ያንቺ ነው። መጥተሽ ትመርጊዋለሽ።"